ሲሽከረከር የሚፈጠርን ቅርጽ ይዘት ማግኘት፦ ዲስክ፣ ሮንዴላ፣ ሼል

«ዲስክ ልጠቀም ወይስ ሼል?» ፈተና በተቃረበ ቁጥር ይህቺ ጥያቄ ትደርሰኛለች። ከ12ኛ ክፍል ተማሪም፣ ዩኒቨርሲቲ ከገባም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከደብተር ፎቶ ጋር። ፎቶውን ሳየው ኢንተግራሉ ራሱ ደህና ነው። የተበላሸው ከሱ በፊት ያለው ነው፤ ሥዕል የለም፣ ወይ ሥዕሉ አለ ግን ቁራጩ አልተሣለበትም። ለእያንዳንዱ በተናጠል ከምመልስ አንዴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልጻፈው አልኩ። እርሳስ ይዛችሁ አብራችሁኝ ሥሩ፤ በማንበብ ብቻ አይገባም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቶርኖ ቤት ገብታችሁ ከሆነ ብረቱ ሲሽከረከር፣ መቁረጫው ጠርዙን ሲከተል አይታችኋል። የሚወጣውን ዕቃ ከዘንጉ አቋርጣችሁ የትም ብትቆርጡት ክብ ነው። እኛም አንድ ጠፍጣፋ ክልል ወረቀት ላይ እንሥላለን፣ በአንድ መስመር ዙሪያ እናሽከረክረዋለን፣ ከዚያ የተፈጠረው ቅርጽ ስንት እንደሚይዝ እናሰላለን። መስመሩ ዘንግ ይባላል። መጠኑን ይዘት እለዋለሁ፤ ክፍል ውስጥ ቮልዩም የምትሉት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- እርሳስ፣ ላጲስ፣ ማስመሪያ። እስክሪብቶ አይሁን፣ ሥዕሉ ሁለት ሦስቴ ይቀየራል።
- ባለ ካሬ ወረቀት። ከሌለ ተራ የደብተር ወረቀት ይበቃል።
- ሁለት የተለያየ ቀለም፤ አንዱ ለዘንጉ፣ አንዱ ለቁራጩ።
- ካልኩሌተር፣ ለመጨረሻው ቁጥር ብቻ።
- ለሙከራው እጀታ የሌለው የሻይ ብርጭቆ፣ ውሃ እና የወጥ ቤት ሚዛን።

ቀድማችሁ ማወቅ ያለባችሁ ሦስት ነገር ነው፦ እንደ ኤክስ² እና ኤክስ³ ያሉትን ኢንተግሬት ማድረግ፣ ሁለት ኩርባዎች የሚገናኙበትን ነጥብ ማግኘት፣ ቅንፍን ስኩዌር ማድረግ። ሦስተኛው ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ነጥብ የሚበላው ግን እሱ ነው።

ደረጃ 1፦ ክልሉን ሣሉ

ኩርባዎቹን ሣሉ፣ የሚገናኙበትን አግኙ፣ በመሃላቸው ያለውን አጥቁሩ። ይህን የምታደርጉት የኢንተግራሉ ወሰን ከዚህ ስለሚመጣ ነው፤ የትኛው ኩርባ ላይ እንደሆነ፣ የትኛው ታች እንደሆነም እዚሁ ይታያል።

አንድ ክልል ይዘን እንሂድ። ዋይ = ኤክስ እና ዋይ = ኤክስ²። እኩል ስታደርጓቸው ኤክስ = 0 እና ኤክስ = 1 ይወጣል። ላይኛው የቱ ነው? በመሃል አንድ ቁጥር ሞክሩ። ኤክስ 0.5 ሲሆን ቀጥተኛው መስመር 0.5 ይሰጣል፣ ኩርባው 0.25። ስለዚህ መስመሩ ላይ ነው። ክልሉ ቀጭን ቅጠል ይመስላል።

ደረጃ 2፦ ዘንጉን በሌላ ቀለም አስምሩ

ከወረቀቱ ጫፍ እስከ ጫፍ አስምሩት። ዘንጉ ሁልጊዜ የኤክስ ወይም የዋይ ዘንግ አይደለም፤ ዋይ = 2 ሊሆን ይችላል፣ ኤክስ = -3 ሊሆን ይችላል። በቀለም ካልታየ ራዲየሱን ከለመዳችሁት ዘንግ ትለካላችሁ፣ መልሱም ያኔ ይበላሻል።

ጠንቀቅ በሉ፦ ዘንጉ ክልሉን መሃል ለመሃል ካቋረጠው ወዲያው ወደ ቀመር አትሂዱ። ሲዞር አንዱ ጎን ሌላው ላይ ይደረባል፣ ያንኑ ቦታ ሁለቴ ትቆጥራላችሁ። አንዱን ጎን እንደ መስታወት ወደ ሌላው አጥፉትና የሚሸፈነውን ቦታ አንዴ ብቻ ውሰዱ።

ደረጃ 3፦ አንድ ቁራጭ ሣሉ

እዚህ ጋ ቀስ በሉ። የዚያች ጥያቄ መልስ ያለው እዚህ ነው።

ክልሉ ውስጥ አንድ ቀጭን ቁራጭ ሣሉ፤ ወይ ቋሚ ወይ አግድም። ስትመርጡ ዘንጉን አትዩ፣ ኩርባዎቹን እዩ። «ዋይ = ...» ተብሎ በኤክስ ከተሰጠ ቋሚ ቁራጭ ይቀላል፤ ላይኛው ጫፉ አንዱ ኩርባ ላይ ታችኛው ሌላው ላይ ያርፋል። «ኤክስ = ...» ተብሎ በዋይ ከተሰጠ አግድም ይቀላል። ከዚያ ቁራጩን ከክልሉ አንድ ዳር ወደ ሌላው በሐሳባችሁ አንሸራትቱት። ጫፉ መሃል ላይ ወደ ሌላ ኩርባ ከዘለለ ሌላኛውን አቅጣጫ ሞክሩ፣ አለዚያ ኢንተግራሉን ለሁለት መክፈል ሊመጣባችሁ ነው።

አሁን ዘንጉን እዩ። ቁራጩ ለዘንጉ ቀጤ ነክ ከሆነ ሲዞር ዲስክ ወይም ሮንዴላ ይሠራል። ከዘንጉ ጋር ትይዩ ከሆነ ቱቦ ይሠራል፤ ሼል የምንለው እሱን ነው። በቃ። ዲስክ ወይስ ሼል የሚለውን እናንተ አትመርጡም፣ ቁራጩ ይመርጥላችኋል።

በእጃችሁ ሞክሩት። ማስመሪያውን ጠረጴዛ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፤ ዘንጉ እሱ ነው። እርሳሱን አግድም አድርጋችሁ ጫፉን ማስመሪያው ላይ አስነኩና ዙሪያውን አዙሩት። የጠረገው ቦታ ድፍን ክብ ነው፤ ዲስክ። ጫፉን ከማስመሪያው ሁለት ጣት ያህል አርቁና ደግማችሁ አዙሩት። አሁን መሃሉ ላይ ቀዳዳ ቀረ፤ ብሎን ስር እንደሚገባው ሮንዴላ። በመጨረሻ እርሳሱን እንደ ማስመሪያው ቀጥ አድርጋችሁ ከጎኑ አቁሙትና አዙሩት። ቱቦ ወጣ። እኔ ይህን ሳሳያቸው ነው ብዙዎቹ «አሃ» የሚሉት።

የቁራጩ ውፍረት የትኛውን ፊደል እንደምትጠቀሙም ይነግራችኋል። ቋሚ ቁራጭ ውፍረቱ ወደ ጎን ስለሆነ ዲኤክስ ነው። አግድም ቁራጭ ዲዋይ ነው። አንዴ ዲኤክስ ካላችሁ ኢንተግራሉ ውስጥ ያለው ሁሉ በኤክስ መሆን አለበት፣ ወሰኑም የኤክስ ቁጥር ነው።

ደረጃ 4፦ ራዲየሱን በቃል ጻፉ፣ ከዚያ በቀመር

ራዲየስ ርቀት ነው። ከዘንጉ እስከ ቁራጩ ያለ ርቀት። የኩርባው ቀመር ራሱ ራዲየስ የሚሆነው ዘንጉ የኤክስ ዘንግ ሲሆን እና ኩርባው ከላዩ ሲሆን ነው (በዲዋይ ስትሠሩ ደግሞ ዘንጉ የዋይ ዘንግ ሲሆን እና ኩርባው ከቀኙ ሲሆን)፣ ሌላ ጊዜ መቀነስ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ «ከዘንጉ እስከ ላይኛው ኩርባ» ብላችሁ በአማርኛ ጻፉት። አንድ መስመር ነው፣ ግን ያድናል።

ዲስክ ሲሆን

መሶብ ውስጥ የተደረደረ እንጀራ አስቡ። የአንዱ እንጀራ ስፋት ፓይ × ራዲየስ² ነው። በውፍረቱ ስታባዙት የአንዱ እንጀራ ይዘት ይወጣል። ሁሉንም ስትደምሩ የክምሩ ይዘት። ከታች ያለው ትልቅ፣ ከላይ ያለው ትንሽ ቢሆንም ችግር የለውም፣ ለዚያ ነው ራዲየሱ በቀመር የሚጻፈው።

ይዘት = ፓይ ∫ (ራዲየስ)² ዲኤክስ

ከማመናችሁ በፊት መልሱን በምታውቁት ነገር ፈትኑት። ዋይ = ኤክስ/2 ከ0 እስከ 6 በኤክስ ዘንግ ዙሪያ ሲዞር ኮን ይሆናል፤ ራዲየሱ 3፣ ቁመቱ 6። ፓይ ∫ ኤክስ²/4 ዲኤክስ ከ0 እስከ 6 = ፓይ × 216/12 = 18ፓይ። የኮን ቀመር ደግሞ 1/3 × ፓይ × 9 × 6 = 18ፓይ። ገጠመ።

ሌላ አንድ። ዋይ = ስኩዌር ሩት ኤክስ፣ ከ0 እስከ 4። ስኩዌር ሲደረግ ኤክስ ብቻ ይቀራል፣ ስለዚህ ፓይ ∫ ኤክስ ዲኤክስ = 8ፓይ፣ ወደ 25.13 ገደማ።

ሮንዴላ ሲሆን

ወደ ቅጠላችን እንመለስ፤ ዋይ = ኤክስ እና ዋይ = ኤክስ²፣ በኤክስ ዘንግ ዙሪያ። ቋሚው ቁራጭ ዘንጉን አይነካም፣ በመሃል ክፍተት አለ። ትልቁ ክብ ሲቀነስ ቀዳዳው፦

ይዘት = ፓይ ∫ (የውጪ ራዲየስ² - የውስጥ ራዲየስ²) ዲኤክስ

የውጪው ኤክስ ነው፣ የውስጡ ኤክስ²። ስለዚህ ፓይ ∫ (ኤክስ² - ኤክስ⁴) ዲኤክስ ከ0 እስከ 1 = ፓይ (1/3 - 1/5) = 2ፓይ/15።

በጣም የሚደጋገመው ስህተት እዚህ ነው ያለው። መጀመሪያ ቀንሶ ከዚያ ስኩዌር ማድረግ። (ኤክስ - ኤክስ²)² ብላችሁ ብትሠሩ ፓይ/30 ይወጣል፤ የትክክለኛው ሩብ ብቻ። ስህተት የሆነው ቁራጩን ራሱን ወደ ዘንጉ አውርዳችሁ ስላዞራችሁት ነው። ቁራጩ ያለው ግን ከዘንጉ ርቆ ነው፣ ርቆ ሲዞር ብዙ ቦታ ይጠርጋል። ሁለቱን ራዲየሶች ለየብቻ ስኩዌር አድርጉ፣ ከዚያ ቀንሱ።

ዘንጉ ሌላ ቦታ ሲሆን

ያው ቅጠል ዋይ = -1 ዙሪያ ይዙር። ከ-1 እስከ ኤክስ ያለው ርቀት ኤክስ + 1 ነው፣ እስከ ኩርባው ኤክስ² + 1። (ኤክስ + 1)² - (ኤክስ² + 1)² ሲዘረዘር 2ኤክስ - ኤክስ² - ኤክስ⁴ ይሆናል፣ መልሱ 7ፓይ/15።

አሁን ዋይ = 2 ዙሪያ። ዘንጉ ከክልሉ በላይ ነው። ከላይ ሆናችሁ ስትለኩ ሩቁ የትኛው ነው? ታችኛው ኩርባ። ስለዚህ የውጪው 2 - ኤክስ²፣ የውስጡ 2 - ኤክስ ሆነ፤ ቦታ ተለዋወጡ። ሲዘረዘር 4ኤክስ - 5ኤክስ² + ኤክስ⁴፣ መልሱ 8ፓይ/15። «ላይኛው ሁልጊዜ የውጪ ነው» ብሎ የሸመደደ ሰው እዚህ ኔጌቲቭ ይዘት ያገኛል። የውጪ ማለት ከዘንጉ የራቀ ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም።

ሼል ሲሆን

ከቲማቲም ቆርቆሮ ላይ ወረቀቱን በምላጭ ከላይ ወደ ታች ቀዳችሁ ብትገልጡት አራት ማዕዘን ወረቀት ታገኛላችሁ። ርዝመቱ የክቡ ዙሪያ ነው፣ 2 × ፓይ × ራዲየስ። ሌላኛው ጎኑ የቆርቆሮው ቁመት። ውፍረቱ የወረቀቱ ውፍረት። ሼል ማለት ይቺ ወረቀት ናት። ቅርጹን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በልጣጭ ትገልጡታላችሁ፣ ከዚያ ትደምሩታላችሁ።

ይዘት = 2ፓይ ∫ ራዲየስ × ቁመት ዲኤክስ

እዚህ ስኩዌር የለም። ራዲየሱ ቁራጩ ከዘንጉ ያለው ርቀት ነው፣ ቁመቱ የቁራጩ ርዝመት። ሁለቱን አታደባልቁ።

ቅጠላችን በዋይ ዘንግ ዙሪያ ሲዞር፣ ቋሚው ቁራጭ ከዘንጉ ጋር ትይዩ ነው። ራዲየሱ ኤክስ፣ ቁመቱ ኤክስ - ኤክስ²። 2ፓይ ∫ (ኤክስ² - ኤክስ³) ዲኤክስ = 2ፓይ (1/3 - 1/4) = ፓይ/6። አግድም ቁራጭ ብትወስዱ ደግሞ ሮንዴላ ይሆናል፤ የውጪው ስኩዌር ሩት ዋይ፣ የውስጡ ዋይ፣ ፓይ ∫ (ዋይ - ዋይ²) ዲዋይ = ፓይ/6። መልሱ አንድ ነው። ጊዜ ካላችሁ በሁለቱም ሥሩት፣ ከዚህ የተሻለ ማረጋገጫ የለም።

ታዲያ ሼል ለምን አስፈለገ? ዋይ = 4ኤክስ - ኤክስ²ን ከ0 እስከ 4 በዋይ ዘንግ ዙሪያ አዙሩ። በሮንዴላ ለመሥራት ኤክስን ነጥሎ ማውጣት ግድ ነው፤ ሁለት መልስ ይመጣል፣ 2 ሲደመር እና 2 ሲቀነስ ስኩዌር ሩት (4 - ዋይ)። ይሠራል፣ ግን ያደክማል። በሼል 2ፓይ ∫ (4ኤክስ² - ኤክስ³) ዲኤክስ ነው፣ አንድ መስመር፣ 128ፓይ/3። ኤክስን ነጥሎ ማውጣት የማይቻልበት ቀመር ሲመጣ ደግሞ ሼል ብቻ ነው የሚያወጣችሁ።

ደረጃ 5፦ አስሉ

ፓይን ወይም 2ፓይን አስቀድማችሁ ከኢንተግራሉ ውጪ አውጡት፣ በመንገድ ላይ የሚረሳው እሱ ነው። ቅንፉን ዘርዝሩ፣ ከዚያ ኢንተግሬት አድርጉ። 3.14 እስከ መጨረሻው አትተኩ። መልሱን በፓይ ከተዋችሁት ከመልስ ወረቀት ጋር ማስተያየትም ይቀላል።

ደረጃ 6፦ መልሱ ያስኬድ እንደሆነ እዩ

ቅርጹን ሙሉ በሙሉ የሚውጥ ሲሊንደር አስቡ። ለመጨረሻው ምሳሌ ራዲየሱ 4፣ ቁመቱ 4 የሆነ ሲሊንደር ነው፣ ይዘቱ 64ፓይ። የኛ 128ፓይ/3 ከ43ፓይ ትንሽ ያንሳል። ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባል፣ ጥሩ ነው። ቢበልጥ ኖሮ ወደ ሥዕሉ መመለስ ነበር።

ሁለተኛው መፈተሻ የፓፐስ ቴዎረም ነው፦ ዘንጉ ክልሉን ካላቋረጠው፣ ይዘቱ = የክልሉ ስፋት × የክልሉ የስበት ማዕከል የሚዞረው ርቀት። የቅጠላችን ስፋት 1/6 ነው፣ የስበት ማዕከሉ ከኤክስ ዘንግ 0.4 ከፍ ይላል። 2ፓይ × 0.4 × 1/6 = 2ፓይ/15። ለዋይ = -1 ርቀቱ 1.4 ነው፣ 7ፓይ/15 ይወጣል። ለዋይ = 2 ርቀቱ 1.6፣ 8ፓይ/15። ሦስቱም ገጠሙ። የስበት ማዕከሉ በሲሜትሪ ወዲያው ሲታወቅ ይህ በጣም ፈጣን ነው።

ሌሎች ስህተቶች

ሁለቱም ጎን እኩል የሆነ ክልል። ዋይ = 4 - ኤክስ² ከኤክስ ዘንግ በላይ ያለው፣ በዋይ ዘንግ ዙሪያ። ከ-2 እስከ 2 በሼል ብትሠሩ ዜሮ ይወጣል፣ ምክንያቱም በግራ በኩል ኤክስ ኔጌቲቭ ነው፣ ርቀት ደግሞ ኔጌቲቭ አይሆንም። ከ0 እስከ 2 ሠርቶ በሁለት ማባዛትም ስህተት ነው፤ 16ፓይ ይሰጣል፣ እሱ የሚውጠው ሲሊንደር ሙሉ ይዘት ነው። የቀኙ ግማሽ ሲዞር የግራውን ይሸፍነዋል። ከ0 እስከ 2 ብቻ፣ 8ፓይ።

ዲዋይ ጽፎ የኤክስን ወሰን ማስገባት። በቅጠላችን ሁለቱም 0 እና 1 ስለሆኑ አይታይም፣ ለዚህ ነው በክፍል ምሳሌ ደህና ሠርተው ፈተና ላይ የሚስቱት።

ዲያሜትርን እንደ ራዲየስ መውሰድ። መልሱ በዲስክ አራት እጥፍ ይሆናል።

በውሃ ሞክሩት

ይህን የምጨምረው ቀመሩ እውነተኛ ዕቃ ላይ ሲሠራ ማየት ስለሚያስደስተኝ ነው። ጎኑ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚሰፋ የሻይ ብርጭቆ ውሰዱ። የኔ ከውስጥ ሲለካ ታች ራዲየሱ 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ አፉ 3.5፣ ጥልቀቱ 9 ነው። ዘንጉ በመሃሉ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ቁራጩ አግድም ነው፣ ስለዚህ ዲስክ በዲዋይ። ራዲየሱ በ9 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 1 ይጨምራል፣ ስለዚህ 2.5 + ዋይ/9።

ይዘት = ፓይ ∫ (2.5 + ዋይ/9)² ዲዋይ፣ ከ0 እስከ 9 = 81.75ፓይ፣ ወደ 257 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር።

አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አንድ ሚሊ ሊትር ነው፣ አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ ደግሞ አንድ ግራም ያህል ይመዝናል። ባዶውን ብርጭቆ ሚዛን ላይ አስቀምጡ፣ ሚዛኑን ዜሮ አድርጉ፣ እስከ አፉ ሙሉት። ቁጥሩ 257 አካባቢ ሊሆን ይገባል። በጣም ከራቀ መጀመሪያ የምታዩት ከውስጥ መለካታችሁን ነው። መስታወቱ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረውና ራዲየሱን ከውጪ ብትለኩ 2.8 እና 3.8 ታገኛላችሁ፣ ስሌቱም 310 ይላል፤ በ3 ሚሊ ሜትር ብቻ ከ50 ሚሊ ሊትር በላይ ልዩነት። ጥልቀቱንም ከውስጥ፣ ማስመሪያውን ብርጭቆው ውስጥ አቁማችሁ ለኩ፣ የታችኛው መስታወት ከጎኑ ይወፍራልና።